ከፔጆዋ ጀርባ የሚያለቅሰው ምንድን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መኪና ያላችሁ፣ ወይም «አንድ ቀን እገዛለሁ» ብላችሁ ዕቁብ የገባችሁ ሁሉ የሞተር ዘይት መቀየር እንዳለበት ታውቃላችሁ። የካምቢዮውንም ምናልባት ሰምታችኋል። ከኋላ ጎማዎች መካከል እንደ ድስት የተንጠለጠለችውን ዲፈረንሺያል ከፍቶ ዘይቷን ያየ ግን ማነው? እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ዝም አላችሁ። ሴት ስለ ዲፈረንሺያል መጻፏ የሚያስቀው ካለም ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ ይመለስና ያንብብ፤ ነገሩ ኪስንም ሕይወትንም ይነካልና።

ቤታችን ድሬ ዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። አባታችን ሲያርፍ ለእማዬና ለእኛ ለሦስት ልጆቹ ትቶልን የሄደው አንዲት ፔጆ 404 ታክሲ ነበር። ዛሬ ከተማውን ባጃጅ ስለሞላው ልጆቹ ላያውቋት ይችላሉ እንጂ በእኛ ጊዜ ከለገሃር ቀፊራ፣ ከቀፊራ ሳቢያን የሚያደርሳችሁ ፔጆ ነበር። ድሬ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራው በቀለች። በጅቡቲ ወደብ በኩል ለምትኖር ከተማ ደግሞ የፈረንሳይ ዕቃ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዮቹ 404ን በአገራቸው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሠሯት። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ የወጣችው እሷው ናት። አቧራ ቻይ፣ ድንጋይ ቻይ! አባቴማ «ይቺን መኪና የሚገድላት ሰው እንጂ መንገድ አይደለም» ይል ነበር።

እናላችሁ ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ከወሰደ ገና ጥቂት ወራት ነው፤ ከተማው ከሐዘኑ አልወጣም፣ ገበያውም ቀዝቅዟል። ሾፌሩ በቀን 70 ብር ገቢ ያስገባል፤ ከዚያችው ላይ ትምህርት ቤት፣ ከዚያችው ላይ ዳቦ፣ ከዚያችው ላይ ጎማ። በዚህ መሐል ፔጆዋ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች። ፍጥነት ስትጨምር «ኡኡኡኡ» ትላለች። ነዳጅ ሲለቀቅላት ዝም ትላለች፣ ሲሰጣት እንደገና ትቀጥላለች። ሾፌሩን ስንጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ያረጀ ሰው አያቃስትም እንዴ? ፔጆ ሁሉ እንዲህ ነው!»

ለነገሩ እኔ አንድ ነገር ትዝ ይለኝ ነበር። ከሁለት ወር በፊት መኪናዋ አንድ ጋራዥ ገብታ ሰርቪስ ተደርጋለች። ስሙ ይቅርብኝ። ሜካኒኩ «የኋላውን ዘይት ቀየርኩላችሁ፤ አዲስ የመጣ፣ ምርጥ ነው፣ ለየትኛውም መኪና ይሆናል» ብሎ ኩራት በኩራት ሆኖ ነበር የሸኘን። ልቅሶው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ በክፉ ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል፣ ደርሷል። ሾፌሩ ሰባት መንገደኛ ኮንትራት ይዞ ሊወጣ ቀብድ ተቀብሏል። የድሬን ልጅ ደንገጎን አስረዳለሁ ብዬ አልደክምም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወይም ቁልቢ ለመድረስ ደንገጎን እየተጠማዘዙ ወደ ደጋው መውጣት ግድ ነው። መውጣቱስ እሺ፣ መውረዱ ነው ጉዱ! በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ነጋዴ ፔጆዋን በ28 ሺህ ብር ሊገዛን ተስማምቶ፣ ሊሞክራት ይዟት ዞረና ልቅሶውን ሰምቶ መጣ። «15» አለ። እማዬ ያን ዕለት እራት አልበላችም። የእኔም ሰርግ የታሰበው በዚያው ብር ነበር፤ ይሄን እንዲሁ በቅንፍ ያዙልኝ።

ጎረቤታችን ከባቡር ድርጅት ወርክሾፕ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ፈረንሳይኛውን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ጋር እየቀየጡ የሚያወሩ፣ የዱሮ የድሬ ሰው። ከቀትሩ በርጫ ተነሥተው ሲመጡ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን መኪና ይስሙልኝ» አልኳቸው። አብረውኝ እስከ ከዚራ ሄደው ተመለሱ። አንዴ ነዳጅ አስለቀቁት፣ አንዴ አስረገጡት፣ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስያዙት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ስሚ ልጄ፣ ድምፁ መሪ ስትጠመዝዢ ቢለወጥ የጎማ ኩሽኔታ ነው እል ነበር። ይሄ ግን ነዳጅ ስትሰጪና ስትለቂ ነው የሚለወጠው። ዲፈረንሺያሉ ነው፤ አቦ፣ ዛሬውኑ ይከፈት!»

ዲፈረንሺያል ምን ይሠራል? ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው አደባባይ ሲዞሩ አስቡ። በውጭ ያለው ብዙ ይራመዳል፣ በውስጥ ያለው ጥቂት። የመኪና የኋላ ጎማዎችም እንደዚያው ናቸው። ሞተሩ ሁለቱንም እየገፋ፣ ግን እያንዳንዱ በየልኩ እንዲዞር የሚያደርገው እሱ ነው። ኦኔሲፎር ፔከር የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነው እ.ኤ.አ. በ1827 ለተሽከርካሪ ያበጀው። «ባቡርስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው እንደዚያን ቀን ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም! ባቡር ዲፈረንሺያል የለውም አሉኝ። ሁለቱ ጎማዎች ባንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው ነው የሚዞሩት፤ ግን የጎማው ገጽ ሾጣጣ ነው፤ ኩርባ ላይ ጎማዎቹ ትንሽ ወደ ጎን ሲንሸራተቱ የውጪው በወፍራሙ በኩል፣ የውስጡ በቀጭኑ በኩል ይሄዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ከለገሃር አጠገብ ኖሬ ይሄን አለማወቄ!

ወደ ፔጆዋ እንመለስ። የአብዛኛው መኪና ዲፈረንሺያል ውስጥ ኮሮናና ፒኞን አለ፤ ሁለቱም ጠንካራ ብረት ናቸው። ፔጆ 404 ግን ከዚህ ትለያለች። በእሷ ውስጥ እንደ ቡሎን የተጠመዘዘ ብረት አለ፤ ፈረንሳዮቹ «መጨረሻ የሌለው ቡሎን» ይሉታል፤ ይሄ ቡሎን የነሐስ ማርሽ እያሽከረከረ ነው መኪናዋን የሚገፋት። 203 እና 403 የሚባሉት ታላላቆቿም እንዲሁ ነበሩ። ብረቱ በነሐሱ ላይ የሚሄደው እየተንሸራተተ ስለሆነ ሁለቱም ብረት ቢሆኑ ይበላሉ ነበር፤ ነሐሱ ለስላሳ ነው፣ ይስማማዋል። ጸጥታዋም ከዚያ ነው የሚመጣው። ጤነኛ 404 ከኋላ ድምፅ የላትም። «ፔጆ ሁሉ እንዲህ ነው» ያለው ሾፌራችን እንግዲህ ምን እንደሚያወራ አያውቅም ማለት ነው።

ታዲያ ነሐስ ጠላት አለው፤ ድኝ። የዘመኑ የዲፈረንሺያል ዘይት፣ በቆርቆሮው ላይ «ጂ ኤል 5» የሚል የተጻፈበት፣ ብረትና ብረት በከባድ ጫና ሲፋጩ እንዳይበላሉ የድኝና የፎስፎረስ ቅመም በርከት አድርጎ ይጨመርበታል። ለቶዮታ ሒሉክስ፣ ለላንድ ክሩዘር፣ ለአይሱዙ ዲፈረንሺያል የሚሆነው ይሄ ዓይነት ነው። ነሐስ ግን ሲሞቅ ይሄው ድኝ ቀስ እያለ ይበላዋል። ሁሉም ጂ ኤል 5 እኩል ጨካኝ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ነሐስና መዳብ እንዳይጎዱ ተደርገው ይቀመማሉ። ቢሆንም በስንት መከራ ለተረፈ የነሐስ ማርሽ ማን ዕጣ ይጥላል?

ሽማግሌው ታፖውን ፈትተው ዘይቱን በጣታቸው ነካ አደረጉና አሸተቱ። «ይሄው! የበሰበሰ እንቁላል!» አሉ። እኔም አሸተትኩ፤ እውነትም ይከረፋል። ከዚያ ዘይቱን በነጭ ሳህን ላይ አፍስሰው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ወርቅ! ዘይቱ ውስጥ እንደ ሙሽራ ጥልፍ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ተበትኗል። ያ ብናኝ የእኛ ዳቦ ነው። መጠኑም ጎድሎ ነበር፤ መኪናዋን በአንድ ጎን ብቻ በክሪክ አንሥተው ነው የሞሏት መሰለኝ አሉ። ዘይቱ ነው የጎዳት ወይስ ጉድለቱ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለቱም ተጋግዘው ነው። «አላለቀም ግን» አሉ ሽማግሌው፤ «ጥርሱ ገና አለ።»

እስቲ አሁን ሥራውን ልንገራችሁ፤ ለፔጆ ብቻ ሳይሆን ዲፈረንሺያሉ ከኋላ ለሆነ መኪና ሁሉ ያገለግላል።

መጀመሪያ መኪናውን ትንሽ ንዱት፤ የሞቀ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁሙት። ፎሳ ያለው ቦታ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካልሆነ አራቱንም ጎን እኩል አንሡና ካቫሌቶ በሚባለው የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። ክሪክ ብቻውን ተማምናችሁ ከመኪና ስር እንዳትገቡ! ድንጋይም አይታመንም፤ ይሰነጠቃል። ደልዳላ መሆኑ ደግሞ ለሌላም ነገር ነው፤ የዘይቱን ልክ የሚነግራችሁ መሙያው ቀዳዳ ስለሆነ መኪናው ከተንጋደደ ቀዳዳው ይዋሻል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከላይ ያለውን የመሙያ ታፖ ፍቱ፤ ከሥር ያለውን የማፍሰሻውን አትንኩ! ለምን? ታፖ ለዓመታት ሳይነካ ይዝጋል፣ ይጣበቃል። ዘይቱን አፍስሳችሁ ስትጨርሱ የመሙያው አልፈታ ቢል መኪናችሁ ባዶ ሆዱን ቆሞ ቀረ ማለት ነው፤ ጋራዥ እንኳ ነድታችሁ አትወስዱትም። የላዩ መፈታቱን ስታረጋግጡ የሥሩን ፍቱ። እኛ የላዩን ለመፍታት መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክተን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተንጠልጥለንበት ነው እሺ ያለን።

የወጣውን ዘይት ሳታዩ እንዳትደፉት። ጠቆር ማለቱ ችግር የለውም። አንዳንድ ታፖ ማግኔት አለው፤ እሱ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ የላመ ብረት ቢገኝ አትደንግጡ። የሚቆረቁር ስብርባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ተሰብሯል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ በክረምት ወንዝ ሰንጥቆ የሚያልፍ መኪና ላይ ይሄ የተለመደ ነው።

መሙላቱ ላይ ቀዳዳው ጎን ላይ ስለሆነ በማንቆርቆሪያ አይሆንም። በትልቅ ስሪንጋ ወይም ከፍ ብሎ በተሰቀለ ዕቃና በላስቲክ ቱቦ ይገባል፤ የማርሽ ዘይት ወፍራም ነው፣ እንደ ማር እየተጎተተ ነው የሚሄደው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ የቤት መኪና ከ1 እስከ 2 ሊትር ገደማ ይይዛል። ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ ደርሶ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ሞልቷል፤ «ትንሽ ልጨምርበት» የለም። የታፖዋን ወንፊያ አዲስ አድርጋችሁ ዝጉ። ቁጥሩን ከመኪናው መጽሐፍ እዩ፤ ብዙ ጊዜ 80 ደብልዩ 90 ወይም ለሙቀት አገርና ለከባድ ጭነት 85 ደብልዩ 140 ይላል። የፊተኛው ቁጥር የብርድ ነው፤ እኛ ድሬ ላይ ብርድን የት አግኝተን እንፈራዋለን!

ብዙ ሜካኒክ የሚረሳት ሌላ ነገር ደግሞ መተንፈሻዋ ናት። ከዲፈረንሺያሉ ቤት በላይ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቱቦ አለች። ዘይቱ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ በእሷ ይወጣል። በእኛ አቧራ ታፍና ከተደፈነች ግን አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊው በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ወዴት? ወደ ኋላ ጎማው፣ ወደ ታንቡሩ ውስጥ፣ ፍሬን ሸራው ላይ። ዘይት የጠጣ ሸራ አይዝም። አሁን ሰባት ሰው ጭናችሁ ደንገጎን ስትወርዱ አስቡት። የእኛዋ መተንፈሻ በጭቃ ደርቃ ተደፍና ነበር፤ በቀጭን ሽቦ ነው የከፈትናት።

ለፔጆዋ የሚሆን ዘይት ማግኘት ሌላ መከራ ነበር። ከመኪና ዕቃ ሱቆች አንዱም ጋ የለም፤ ሁሉም «ይሄኛው ይሻላል» እያለ ድኙን ያወጣልኛል። ሽማግሌው ሳቁና «ፋብሪካ ጠይቂ» አሉኝ። ነገሩ ይሄው ነው፤ ቡሎንና የነሐስ ማርሽ ፋብሪካ ውስጥ ሞልቷል፤ የሞተርን ፍጥነት ለመቀነስ በየማሽኑ ይገባል። ድሬ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ከተማ ናት። ለፋብሪካ ዘይት ከሚያቀርብ አንድ ሱቅ፣ ቅመም ያልበዛበት፣ ለነሐስ ማርሽ የተባለ ወፍራም ዘይት አገኘን። አሮጌው ጠብ እስኪል ድረስ አንጠፈጠፍነው፤ ከአዲሱ ጥቂት ጨምረን፣ ጎማውን በእጅ አዙረን፣ እሱንም አፈሰስነው። ሁለቱ ዘይቶች መደባለቅ የለባቸውም፤ ድኙ ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ያን ጊዜ ነው እጮኛዬ የመጣው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ሻይ ሊጋብዘኝ። እኔ ከፔጆዋ ስር በጀርባዬ ተኝቻለሁ፤ ፀጉሬ ላይ ያ የሚከረፋ ዘይት ፈስሷል። ሰላምታም የለ። «ተነሺ! ሰፈሩ ምን ይላል?» አለ። «ሰፈሩ ዳቦ ይገዛልናል?» አልኩት ከስር ሆኜ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ጫማውን ብቻ ነው የማየው፤ ወደ በሩ ዞረ፣ ደግሞ ተመለሰ። ቀጥሎ የሰማሁት «ባትሪውን ወዴት ላብራልሽ?» የሚለውን ነው። እናንተ ሴቶች፣ አበባ ይዞ የመጣ ብዙ አለ። ባትሪ ይዞ የሚንበረከከውን ግን ያዙት።

ልቅሶውስ? ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የተበላ ነሐስ መልሶ አይበቅልም፤ ዘይት ያቆመዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ እማዬ የቁልቢውን ቀብድ መለሰች። ሾፌሩ አኩርፎ ሥራውን ለቀቀ፤ ይልቀቅ። የ15 ሺህ ብሩ ነጋዴም ሲመለስ እማዬ በሩን አልከፈተችለትም። ፔጆዋ ከዚያ በኋላ ሜዳ ለሜዳ ብቻ፣ ከከተማ ሳትወጣ፣ በሌላ ሾፌር ስትሠራ ኖረች፤ ታናናሾቼ ሁለቱም በእሷው ተምረው ጨረሱ። ሰርጋችን? በአሥር ሰው ነበር፤ ሙሽሮቹን ያጀበችውም እሷው ናት፣ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በቀስታ እያቃሰተች።

ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ይመለከታችኋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እጃችሁ የሚገባው አሮጌ መኪና ስንት ሰው እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የኋላውን ታፖ አስፈትታችሁ ጣት አስገቡ፤ ሻጩ ቢቆጣ ሒዱ። የፊት ጎማ የሚገፋቸው መኪኖች ይሄ የኋላ ድስት የላቸውም፤ ዲፈረንሺያላቸው ከካምቢዮው ጋር አብሮ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ማርሽና ዲፈረንሺያል አለው፣ ዘይትም አለው፤ «ዘይት የለውም» የሚላችሁን አትስሙት።

ስለ አሮጌው ዘይት ደግሞ አደራ። ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ወይም ግቢ አቧራ ላይ የሚደፉ አሉ። የድሬ ሰው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ከሳቢያን በኩል ከመሬት ሥር እየተሳበ የሚመጣ። በጀሪካን አጠራቅማችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።

ፔጆዋን በ2008 ዓ.ም. ሸጥናት። የገዛት የሐረር ሰው ነው፤ እሷን ይዞ ደንገጎን እንዳይወጣ ነግረነው በጭነት መኪና አስጫናት። ከመሄዷ በፊት ከዕቃ መጫኛዋ ክዳን ውስጥ በኩል በነጭ ቀለም ጻፍኩበት፤ «ከኋላ ያለው ነሐስ ነው። ድኝ የሚሸት ዘይት አታስገቡ። የላዩን ታፖ አስቀድሙ።» ባለቤቴ ባትሪ አበራልኝ።